የሂንድ ኑርዬ እጅና የእናቷ ቃል

የሂንድ ኑርዬ እጅ የሚንቀጠቀጠው ለቅርቡ ብቻ ነበር። ሁለት መቶ ሜትር ርቃ የተተከለች ባንዲራ አሳይታችሁ ምቺ ብትሏት ኳሷን ከባንዲራዋ ሥር ታሳርፍላችኋለች። ከጉድጓዷ አንድ ክንድ ሲቀራት፣ ሕፃን ልጅ በእግሩ ገፋ አድርጎ የሚያስገባት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ያኔ ቀኝ እጇ ይርዳል። ዱባይ ያሉ የጎልፍ አሠልጣኞች ለዚህ በሽታ ስም አላቸው፤ መድኃኒት ግን የላቸውም። ሂንድ ለማንም አትናገር እንጂ ምክንያቱን ታውቀዋለች። የእናቷ ቃል ነው።

ቃሉ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ሂንድ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ሐይቅ ከተማ ጫፍ፣ ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። አባቷ ኑርዬ በልጅነቷ ሞቶ እናቷ ረቢያ ሁለቱን ሴት ልጆቿን፣ እሷንና ታናሿን ሰሚሃን፣ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ እየሸጠች አሳደገቻቸው። ለሂንድ ውጫሌ ላይ ሱቅ ያለው ባል ተገኘላት። ኒካው ሊታሰር አራት ቀን ሲቀረው፣ በሬው ተገዝቶ፣ ጎረቤቱ ሽንኩርት ሊከትፍ ተጠርቶ እያለ፣ ሂንድ ከደላላ ጋር ጠፋች። በዚያን ጊዜ ከሐይቅም ከአምባሰልም ልጁን ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት ይቸግር ነበርና መሄዷ ማንንም አልገረመም። የገረመው አካሄዷ ነው። ረቢያ የተጠራውን ሰው ሁሉ በየበሩ እየዞረች ይቅርታ ጠየቀች፤ ለሙሽራው ቤተሰብም ውጫሌ ድረስ ሄዳ ተንበረከከች።

ሂንድ በሦስተኛው ወር ደወለች። ረቢያ ስልኩን ተቀብላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ» አለችና ዘጋችው። እንዲህ ያለው ቃል በእኛ አገር እንደ ዋዛ አይወጣም። ከወጣ ደግሞ የተናገረው ሰው ራሱ አፉ፣ ይቅር ብሎ ካላነሳው በቀር ሼኩም ቄሱም አያነሱትም። ከዓመት በኋላ እናትና ልጅ መነጋገር ጀመሩ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሚሃ ትምህርት አወሩ። ስለዚያ ቃል ግን አንዷም ትንፍሽ አላለችም። ሁለቱም ኩሩ ናቸው፤ ኩራት ደግሞ በስልክ ሲሆን ይብሳል።

ሂንድ ዱባይ ላይ በቤት ሠራተኝነት የገባችበት ቤት እመቤት፣ ዓረብ አገር የሄዱ ልጆች ሁሉ እንደሚሉት ማዳም፣ ጎልፍ ተጫዋች ነበረች። ሂንድ አሥራ አራት ዱላ የታጨቀበትን ቦርሳ ተሸክማ በዚያ ሐሩር ከኋላዋ ትከተላለች። ሁለት ዓመት አየች። አንድ ቀን የማዳም ኳስ አሸዋ ውስጥ ተቀብራ አልወጣ ብላ ሴትዮዋ ተናደደችና፣ «እስኪ አንቺ አውጪያት» ብላ ዱላውን ወረወረችላት። ሂንድ አወጣቻት። ማዳም ሳቀች። ሂንድ ሌላ ኳስ አስቀምጣ ስትደግመው ግን ሳቋን አቆመች።

ማዳም ከነክፋቷ አንድ ደግ ሥራ ሠርታለች እንበል፤ ልጅቷን ለአሠልጣኟ አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ሂንድ ከቤት ሥራ ወጥታ የጎልፍ ሜዳው ሠራተኛ ሆነች። መጀመሪያ የተበተነ ኳስ ለቀመች። ቀጥሎ በወንድ መሠልጠን የማይፈልጉ የአገሩ ሴቶች በረከቱና እነሱን እንድታስተምር ተመደበች። ጎህ ሲቀድና ሜዳው ባዶ ሲሆን ለራሷ ትመታለች። መዳፏ ቆስሎ፣ ደርቆ፣ እንደገና ቆሰለ።

ሐይቅ ላይ ወሬው ሲሰማ ሰው ሁሉ ጎልፍ ሲባል መኪና መስሎት «እሰይ፣ መኪና ያዘች» ብሎ ነበር። ነገሩን ያቃናችው ጎረቤታቸው ሰብለወንጌል ናት። ሰብለወንጌል የረቢያ የልብ ወዳጅ ነበረች፤ አንዷ መስጊድ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዳቸው በቀር የሚለያቸው ነገር አልነበረም። በልጇ ስልክ ላይ የጎልፍ ጨዋታ ቪዲዮ አየችና፣ «የገና ጨዋታ ማለት እኮ ናት» ብላ ለሰፈሩ አስረዳች። «በዱላ ሩሯን መምታት ነው። ግን የሚጋፋሽ የለም፤ የምትጋፊው ከራስሽ ጋር ነው።»

ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ እኔም የለኝም። አሥራ ስምንት ጉድጓድ አለ፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ዳኛ ከኋላ አይከተልም። ተጫዋቹ ምቱን ራሱ ይቆጥራል፣ ሳይፈልግ ኳሷን ከነካት ማንም ባያይ እንኳ በራሱ ላይ ይጨምራል፣ በመጨረሻ ወረቀቱ ላይ ይፈርማል። አሳንሶ የፈረመ ይባረራል። ሂንድ ከጨዋታው ሁሉ ይህን ወደደች። አንዴ ለሰሚሃ ስትነግራት ሰሚሃ፣ «ማንም ካላየሽ ለምን ምቱን አትቀንሺም?» አለቻት።

«እኔ አይቼ የለ!» አለች ሂንድ።

ባለሙያ ተጫዋች ለመሆን ካርድ የሚባል ፈቃድ ያስፈልጋል። በየዓመቱ መጋቢት ላይ ከመቶ የሚበልጡ ሴቶች ከየአገሩ መጥተው አራት ቀን ይፈተናሉ፤ ሃያዎቹ ያልፋሉ። ሂንድ ሦስት ጊዜ ተፈተነች፤ ሦስቴም ወደቀች። አንደኛው ጊዜ በአምስት ምት፣ ሁለተኛው በሁለት፣ ሦስተኛው በአንድ። ሦስቱንም ጊዜ ያስቀራት ያ የክንድ ርቀት ነው። ዱላውን ይዛ ጎንበስ ስትል «ይፋረድሽ» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ይነሳል፤ እጇ ይርዳል፤ ኳሷ በጉድጓዷ ከንፈር ታልፋለች። ከፈተና በፊት ሁልጊዜ እናቷን አፉ በይኝ ልትላት ትደውላለች። «ሰላም ናችሁ?» ትልና ትዘጋዋለች።

በ2014 መስከረም ላይ ቆረጠች። መውሊድ ይለፍና እለምናታለሁ አለች። መውሊድ አለፈ። ዛሬ ነገ ስትል የጥቅምት መጨረሻ ደረሰ፤ ጦርነቱ ሐይቅ ገባ፤ ስልኩ ጠፋ።

የሚቀጥለውን ሂንድ ያወቀችው በኋላ ነው፤ እናንተ ግን አሁኑኑ እወቁት። ረቢያ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ በየቀኑ መርፌ ትወጋለች። መርፌው በኅዳር መጀመሪያ አለቀ። ሐይቅ ላይ ያሉት መድኃኒት ቤቶች መደርደሪያቸው ባዶ ነበር። የአባታቸው የኑርዬ ታናሽ ወንድም ሀሚዱ ሸምግሎ ሳለ በእግሩ፣ አውራ ጎዳናውን እየሸሸ በአምባሰል ጥግ ጥጉን፣ ውጫሌ ድረስ ሄደ። እዚያም የለም። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጁን ሲመለስ ረቢያ ሰው መለየት አቁማ ነበር።

ከዚያ ቀደም ባለው ጠዋት ግን አእምሮዋ ለጥቂት ጊዜ ጠርቶላታል። ሰብለወንጌል ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ከአጠገቧ የነበረችው ሰሚሃ ብቻ ናት። ረቢያ እጇን ጨብጣ፣ «ሂንድን አፉ ብያታለሁ። ጡቴንም ሐላል ብያታለሁ። ንገሪያት» አለቻት። ሌላ ቃል አልተናገረችም። በማግስቱ ሞተች። ያንን ሁሉ ሰው አብልታና አልቅሳ የቀበረች ሴት፣ መንገድ ተዘግቶ ቅሬው መሰብሰብ ስላልቻለ በስድስት ሰው ተቀበረች። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ለቀብር የሚወጣበት የሰፈሩ ቅሬ እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም።

ታኅሣሥ ላይ ስልኩ ሊለቀቅ ነው ሲባል ዘመድ ተቀመጠ። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ ጎህ ሲቀድ፣ በሰው መሃል፣ ደግፎ የሚይዝ ክንድ ባለበት ነው የሚነገረው። ሀሚዱ፣ «በሰው አገር ብቻዋን ሆና ብትወድቅ ማን ይይዛታል? ስትመጣ ይነገራት» አለ። ሁሉም መርሀባ፣ እሺ አለ። ሰብለወንጌል ብቻ፣ «እሷስ እናቴን አገናኙኝ ስትል ምን ልትሏት ነው?» ብላ ጠየቀች። 

ስልኩ በተለቀቀ ቀን ጠራ። ሰሚሃ አነሳችው። ካደገች ወዲህ ድምፅዋ ከእናቷ ድምፅ አይለይም ነበር። ሂንድ ራሷ ድሮም፣ «ማናችሁ ናችሁ?» ብላ ሳትጠይቅ ወሬ አትጀምርም። በዚያ ቀን ግን አልጠየቀችም። ሰሚሃ «ሄሎ» ከማለቷ ሂንድ ከወዲያ ማዶ ጮኸች።

«እማዬ! እማዬ፣ አለሽልኝ?»

«አለሁ ልጄ» አለች ሰሚሃ።

ይህን ማንም አላቀደውም። ሂንድ እየተንሰቀሰቀች፣ «ወላሂ በይ! ወላሂ ደህና ነሽ?» አለች፤ ሰሚሃም «ወላሂ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» አለች። ሀሚዱ ከደጃፉ ሆኖ ሰማ። ሊቆጣ አፉን ከፈተና ተወው። ሰው ሲጨንቀው የመጣለትን ይይዛል፤ እነሱም ያቺን ውሸት ያዙ።

ሰባት ወር እንደዚያው ሆነ። የስልኩ ካሜራ ተሰብሯል ተባለ፤ ሂንድም አመነች። ሰሚሃ እንደ እናቷ ማሳሉን ተማረች፣ በወሬ መሃል «ያረቢ» ማለቱን ተማረች። ከዚያ ደግሞ «ይኸው ሰሚሃ» ብላ በራሷ ስም ታወራለች። ለማንም ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ ስልኩን በዘጋች ቁጥር እናቷ ገና አሁን ከቤት የወጣች ይመስላት ነበር። ስለዚህ መቆሙን አልፈለገችውም። ጥፋቷ ይኸ ነው፤ እኔ ብሆን አላደርገውም ለማለት ግን አልደፍርም።

መጋቢት መጣ። ከፈተናው አንድ ቀን በፊት ሂንድ ደወለች። ድምፅዋ የሚሰማው በግድ ነበር።

«እማዬ፣ ጠፍቼ ሳዋርድሽ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«እግርሽ ላይ ወድቄያለሁ። አፉ በይኝ።»

 የእናቷ አደራ ሰሚሃ አፍ ላይ ነበር። እኔ ሰሚሃ ነኝ፣ እማዬ በኅዳር ሞታለች፣ ሳትሞትም እንዲህ ብላሻለች፤ ይኸው ነበር ማለት የነበረባት። ነገ ፈተና ያለባትን፣ በሰው አገር ብቻዋን የቆመችን እህቷን አሰበችና አልቻለችም። በእናቷ ስም፣ በእናቷ ቃል፣ «አፉ ብዬሻለሁ። ጡቴንም ሐላል ብዬሻለሁ» አለቻት። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አንድ ቃል አላጎደለችም። ስልኩን ዘግታ ስታለቅስ እንኳ አደራዬን አደረስኩ ብላ አስባለች።

በአራቱ ቀን ፈተና የሂንድ እጅ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ያቺው የክንድ ርቀት ቀረቻት። ጎንበስ አለች፤ ጆሮዋ ውስጥ ጸጥታ ነበር። አስገባቻት። አሥራ ሰባተኛ ወጣች። ካርዷን በተቀበለች ቀን ሣሩ ላይ ተቀምጣ እንደ ልጅ ያለቀሰችው በደስታ ነው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቀራታል? የእናቴን ጉልበት ልሳም ብላ ሰኔ ላይ መጣች። ከኮምቦልቻ የተከራየችው መኪና በር ላይ ሲያቆም ሀሚዱ አቅፎ ሳማትና፣ «እናትሽ የሼኾቹን መካነ መቃብር ልትጎበኝ ለዚያራ ወጥታለች፣ ነገ ትገባለች» አላት። እንዲህ ነው የሚደረገው፤ መንገደኛ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እንቅልፍ ተኝቶ ነው መርዶ የሚነገረው። አበሏት። ሰሚሃ ራሷን አሟት ተኝታለች ተባለ፤ ከጓዳም አልወጣች። ሂንድ የእናቷ አልጋ ላይ ተኛች፤ ነገ የምታየውን ፊት እያሰበች።

ሲነጋጋ የብዙ እግር ኮቴ ቀሰቀሳት። በሩን ከፈተች። ግቢው ጋቢ በለበሰ ሰው ሞልቷል፤ ከፊት ሀሚዱ፣ ከጎኑ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሰብለወንጌል። የወሎ ልጅ ናትና ያ ሰዓትና ያ አቋቋም ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራት ገባት።

«ረቢያን አላህ ወስዷታል፣ ልጄ» አለ ሀሚዱ።

ወደቀች፤ ያዟት። ሀሚዱ እንዳሰበው ሆነ፤ የሚይዛት ክንድ ሞልቶ ነበር። ሂንድ እናቷ ከዚያራው መንገድ ላይ፣ ትናንት ማታ፣ እሷ እየበላች ሳለ የሞተች መስሏት፣ «ጀናዛዋ የት አለ? ፊቷን አሳዩኝ!» እያለች ደረቷን መታች። ሴቶቹ አለቀሱ። ሰብለወንጌል ግን መታገሥ አልቻለችም።

«ልጄ፣ ከተቀበረች ቆየች። በኅዳር ነው።»

«የትኛው ኅዳር?»

«ያለፈው ነዋ፤ በጦርነቱ።»

ሂንድ ለቅሶዋን አቆመች። «እትዬ ሰብለ፣ በመጋቢት አናግሬያታለሁ እኮ» አለች። «አፉ ብላኛለች።»

 መሬት መሬት ያላየ ሰው አልነበረም። ዓይኖቹ አንድ በአንድ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደግፋ ወደቆመችው ወደ ሰሚሃ ዞሩ። ሂንድ ዓይናቸውን ተከትላ እህቷን አየቻት፤ ሰሚሃ ገና አንድ ቃል ሳትናገር ሂንድ ሁሉንም ተረዳች።

«እህቴ፣ እማዬ ያለችውን ነው ያልኩሽ» አለች ሰሚሃ። «ሳትሞት በፊት፣ እጄን ይዛ፣ ቃል በቃል እንደዚያው ብላለች። ንገሪያት ብላኛለች።»

«ማን ሰማ?»

«እኔ።»

«ሌላስ?»

ሰሚሃ ሰብለወንጌልን አየቻት። ሰብለወንጌል የምትወዳቸው ልጆች ናቸው፤ አዎ ሰምቻለሁ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። «ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ነበር» አለች።

«ወላሂ፣ እህቴ! ወላሂ ብላለች!»

«ደህና ነኝ ስትዪኝም ወላሂ ብለሻል» አለች ሂንድ።

እውነቱን እናንተ ታውቃላችሁ። ረቢያ ብላለች። ሰሚሃ በዚያ ጠዋት የተናገረችው ከአፏ የወጣ ንጹሕ እውነት ነበር፤ ግን ሰባት ወር ሙሉ መታመኗን ጨርሳው ለዚያች ቀን የሚሆን አልቀረላትም። ሰብለወንጌል በማግስቱ ሽማግሌ ሰብስባ ሰሚሃ ቁርኣን ይዛ ትማል አለች። እምቢ ያለችው ሂንድ ናት። «አታስምሏት» አለች። «ዋሽታ ከሆነ ትጠፋለች። እውነት ከሆነም እኔ አላምናትም። ለምን በከንቱ ታስምሏታላችሁ?»

ሂንድ አርባ ቀን ተቀምጣ፣ ሰደቃ አውጥታ ወደ ዱባይ ተመለሰች። ሁለት ዓመት በባለሙያነት ተጫወተች። እጇ የሚርደው አሁን ለቅርቡ ብቻ አልነበረም። በዚያ ላይ ሌላ ነገር መጣባት፤ ኳሷ አጠገብ ስትቆም ነክቻት ይሆን እንዴ ብላ ትጠራጠራለች፣ እርግጠኛ ስላልሆነች በራሷ ላይ ምት ትጨምራለች። አብረዋት የሚጫወቱት ሴቶች አልነካሻትም ቢሏት አትሰማም። አንድ ውድድር ላይ በአንድ ቀን ሰባት ምት በራሷ ላይ ቆጥራ ፈረመች። በ2016 ካርዷን ተነጠቀች፤ የሜዳው ሥራም ብዙ አልቆየላትም። ከሐይቅ ወጥታ ያን ያህል የደረሰች ሴት የለችም፤ ስትመለስ ግን የተቀበላት ባጃጅ ነጂው ብቻ ነበር።

አሁን ከሰሚሃ ጋር እዚያው ቤት ትኖራለች። እናቷ በነበረችበት ቦታ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ ሚዛን ላይ ስታስቀምጥ ቀኝ እጇን ግራ እጇ ይደግፈዋል። እህትማማቾቹ አይጣሉም። ሰሚሃ ታበስላለች፣ ሂንድ ትበላለች፤ «ጨው አነሰው» «አላነሰውም» ይባባላሉ። ሰሚሃ ስታወራ ሂንድ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ዘንድሮ በኅዳር፣ ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው የተበላሸውን ሽንኩርት ከደህናው ሲለዩ፣ ሂንድ ቀና ሳትል፣ «ያለችውን ድገሚልኝ» አለች።

ሰሚሃ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ቀን ነው።

«ግን በእሷ ድምፅ እንዳይሆን» አለች ሂንድ። «በራስሽ ንገሪኝ። በራስሽ ብትነግሪኝ አምን ይሆናል።»

ሰሚሃ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሂንድን አፉ…» አለችና አቆመች። ድምፅዋን አቅጥና ሞከረች፤ አወፍራ ሞከረች፤ በሹክሹክታ ሞከረች። በየትኛውም በኩል የምትወጣው ረቢያ ነበረች። ሂንድ ሽንኩርቷን ወደ መልቀሙ ተመለሰች።